ዓሊያ ዋዲውን የወረደችበት ዓርብ

ሙስካት ውስጥ፣ አል አንሳብ ከሚገኘው ከሙሐሙድ ቤት ስምንት ዓመት የሠራችው ዓሊያ ረጀብ ዋና እንደምትችል ማንም አያውቅም ነበር። ጠይቋት የሚያውቅ ስለሌለ እሷም ተናግራ አታውቅም። ቤቱ የሚያውቃት በሌላ በሌላው ነው። ለሃያ እንግዳ የሚበቃ ሩዝ ሳይያዝባት ትቀቅላለች። የአባወራውን የደም ግፊት መድኃኒት ሰዓት ከእሳቸው ይልቅ እሷ ታስታውሳለች። የተናደደች ቀን ደግሞ ምንጣፍ ስታራግፍ ድምፁ ሦስተኛው ቤት ድረስ ይሰማል።

ትውልዷ ከከሚሴ ወጣ ብሎ፣ ቦርከና ወንዝ ዳር ነው። አባቷ ረጀብ በበጋ ገበሬ፣ በክረምት ደግሞ ዋናተኛ ነበሩ። በእነሱ በኩል ድልድይ አልነበረም። ወንዙ ሲሞላ መንገደኛውን፣ እህሉን፣ ጥጃውን፣ አንዳንዴም የሙሽራ ሣጥን ሳይቀር በተነፋ ስልቻ ላይ አስደግፈው እየገፉ ያሻግሩ ነበር። ከልጆቻቸው ሁሉ ውሃ የማትፈራው ዓሊያ ነበረች። ስለዚህ ዋናም፣ ውሃ ማየትም ያስተማሩት እሷን ነው። ውሃ የት እንደሚያርፍ፣ የት እንደሚሽከረከር፣ ከሥሩ ድንጋይ ሲኖር ገጹ እንዴት እንደሚያብጥ አሳይተዋታል። ከሁሉ በላይ ግን ስለ ዛፍ አስጠንቅቀዋታል። «ድንጋይ ይገፋሻል እንጂ አይይዝሽም» ይሏት ነበር። «ጎርፍ ያጋደመው ዛፍ ግን ቅርንጫፉ መንጋጋ ነው። ውሃው ያልፋል፣ አንቺ ትቀሪያለሽ።»

ኮሮና ሲገባ ዓሊያ ለእረፍት አገር ቤት ልትሄድ ሻንጣዋን ዘግታ ነበር። በረራው ቆመ። ሻንጣው ተመልሶ አልጋ ሥር ገባ። ዓርብ ዓርብ ከአገሯ ልጆች ጋር የምትገናኝባት ነገርም ቀረች። የቀረቻት ጓደኛ የጎረቤቱ ቤት ሠራተኛ ኢክላስ ብቻ ነበረች። እሷንም የምታገኛት ልብስ ለማስጣት ሲወጡ ነው፤ አንዷ ከዚህ ሰገነት፣ ሌላዋ ከዚያ ሰገነት ሆነው ያወራሉ።

ከቤቱ ሰዎች መካከል ወረርሽኙ ከዓሊያ እኩል ያሰረው ሰው ቢኖር የሙሐሙድ ትልቋ ልጅ ቡሽራ ናት። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። አል ኹዌር ካለ መሥሪያ ቤት የሕንፃ ንድፍ ትሠራ የነበረችው አሁን ከመኝታ ቤቷ ሆና ትሠራለች። የቡሽራ ፍቅር ግን ዋዲ ነበር። ዝናብ ጥሎ ደረቁ ሸለቆ ሁሉ ወንዝ ሲሆን፣ በአየር በሚነፋ ጀልባ ከተራራው እስከ መንደሩ ትወርዳለች። አብረዋት የሚወርዱት ሁለት የውጭ አገር መምህራን ነበሩ። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ሁለቱም ወደ አገራቸው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ቡሽራ ጀልባዋን መኪና ማቆሚያው ሥር ትነፋዋለች፣ ታየዋለች፣ መልሳ ታስተነፍሰዋለች። ዓሊያ በዚያ በኩል ስታልፍ ልጅቷ ጀልባውን እንደ ታመመ ከብት ስትደባብሰው ታይና ሆዷ ይባባል።

ወረርሽኙ በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ በብርዱ ወር፣ ሦስት ቀን ያላባራ ዝናብ ጣለ። መንገድ ተቆረጠ፣ ከተማው ውስጥ እንኳ መኪና የወሰደ ጎርፍ ነበር። ሲያባራ ቡሽራ ከባሕር ዳሯ ከተማ ከቁራያት ኋላ ያለው ዋዲ እየፈሰሰ መሆኑን ሰማችና ምሳ ላይ አባቷን ጠየቀች። ሙሐሙድ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ብቻዋን የሄደች ልጅ ብቻዋን ትቀራለች፣ አብሮሽ የሚሆን ዋናተኛ ካላገኘሽ አይሆንም አሏት። ወንድሟ ወሊድ ጎማ ያለውን ነገር ሁሉ ይነዳል፤ ውሃ ከጉልበቱ ካለፈ ግን ዱዓ ይጀምራል። ቡሽራ አንገቷን ደፋች።

ዓሊያ ሳህን እያነሳች ነበር። «እኔ ዋና እችላለሁ» አለች።

ሦስቱም ዞረው አዩዋት። ሙሐሙድ መጀመሪያ ሳቁ፣ ቀጥሎ ፊቷን ሲያዩ ሳቃቸውን ተውት። የት እንደተማረች ጠየቋት። ስለ አባቷና ስለ ስልቻው ነገረቻቸው። ሽማግሌው የባሕር ሰው ልጅ ስለሆኑ ነገሩ ገባቸው፤ ግን በወሬ ብቻ ልጃቸውን አሳልፈው አይሰጡም። በማግስቱ ማለዳ አራቱም ወደ ባሕር ዳር ወረዱ። ዓሊያ ከነረጅም ቀሚሷ ገባች። እንደ አባቷ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ሳትቸኩል፣ ውሃውን በክንዷ ወደ ኋላ እየገፋች ብርቱካናማዋ ተንሳፋፊ ምልክት ድረስ ሄደች፤ ነክታት ተመለሰች። ሊቀርጻት ስልኩን ደግኖ የነበረው ወሊድ መቅረጹን ረሳው። ሙሐሙድ «ማሻአላህ» ብለው ፎጣውን ራሳቸው አቀበሏት።

በዚህ አላበቃም። መኪናው ውስጥ ዓሊያ በዚያ ከወጥ ቤት በተማረችው ዓረብኛዋ ለቡሽራ ሁለት ነገር ነገረቻት።

«አንደኛ፣ ይሄ ሥራ አይደለም። ዓርቤ ነው፤ ደስ ካለኝ እሄዳለሁ፣ ካላለኝ እቀራለሁ። ሁለተኛ፣ ውሃ ላይ ቁሚ ስልሽ ትቆሚያለሽ።»

«ጀልባው እኮ የኔ ነው» አለች ቡሽራ እየሳቀች።

«ጀልባው ያንቺ ነው። ነፍሴ ግን የኔ ናት።»

ቡሽራ ሳቋን አቆመችና እጇን ዘረጋች። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ሰውን ባልጨበጠበት ዘመን ተጨባበጡ።

ኢክላስ ነገሩን ከሰገነቷ ሆና ስትሰማ የልብስ መቆንጠጫው ከእጇ ወደቀ። «ዓሊዬ፣ አብደሻል እንዴ? ኮሮናው ሲምርሽ ጎርፍ ፍለጋ ትሄጃለሽ?»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ግድግዳ አየሁ፣ ኢክላስዬ። ኻላስ፣ በቃኝ፤ አሁን ሌላ ነገር ልይ።»

ዓርብ ጠዋት ወሊድ ኮረኮንቹ መንገድ ዋዲውን ከሚነካበት ቦታ ላይ አወረዳቸው። ከታች፣ መንገዱ ዋዲውን ከሚያቋርጥበት የተምር መንደር ከሰዓት በኋላ፣ በዐስር ሰላት ሰዓት ሊጠብቃቸው ተስማምተው መኪናውን አዞረ። ዓሊያ ፀጉሯን ጭምር የሚሸፍን የዋና ልብስ ለብሳ፣ ከላዩ ተንሳፋፊ ሰደርያ ደርባ፣ ሄልሜቷን አጥልቃለች። ኢክላስ ብታያት ኖሮ ለሳምንት ያህል ትስቅ ነበር።

ውሃው ወተት ያነሰው ሻይ መስሎ በነጫጭ ቋጥኞች መካከል ይጋልባል። ቡሽራ ጀልባውን ነፍታ ጨርሳ ልትገፋው ስትል ዓሊያ ከለከለቻት። ከውሃው ጠርዝ ላይ ቀጭን እንጨት ተከለችና ቁጭ አለች። ቡሽራ ሰዓቷን ታያለች፣ መቅዘፊያዋን ታነሳለች፣ ታስቀምጣለች። ዓሊያ አንዴ እንጨቱን፣ አንዴ ከተራራው በላይ ያለውን ሰማይ ታያለች። ግማሽ ሰዓት ሲሞላ ውሃው ከእንጨቱ አንድ ጣት ያህል ሸሽቶ ነበር። ደመናም የለም።

«እየጎደለ ነው» አለች ተነሥታ። «ያላ።»

ከፊት ዓሊያ፣ ከኋላ ጀልባውን የምትመራው ቡሽራ ሆነው ገቡ። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ውርደት ነበሩ። ዓሊያ በእጇ እንጂ በመቅዘፊያ ውሃ ገፍታ አታውቅም። ቡሽራ ቀኝ ስትላት ግራ ትቀዝፋለች። የመጀመሪያውን ቋጥኝ በአፍንጫቸው መቱት፣ ሁለተኛውን በጎናቸው፣ ሦስተኛውን ዞረው በጀርባቸው ወረዱት። ከዚያ ዋዲው ጠበብ አለና ውሃው እየተንደረደረ በደረጃ እንደሚወርድ ሰው ዘለለ። ጀልባው አፍንጫውን ደፋ፣ ቀዝቃዛ ውሃ የዓሊያን ደረት ሞላው፣ ትንፋሿ ቆመ፣ ወዲያው ብቅ አሉ። ከአፏ የወጣው ድምፅ እልልታ ነበር። ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ ከየት እንደመጣ አላወቀችም፤ ገደሉም ተቀብሎ መለሰላት። ቡሽራ ከኋላ ሆና ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት መቅዘፍ አቆመች። በዚህም ምክንያት አራተኛውን ቋጥኝ መቱት።

እየቆየ ግን እጅና ዓይኗ ተስማሙ። ውሃውን ታውቀዋለች። ቦርከና ቀይ ነው፣ ይሄኛው ነጭ ድንጋይ ላይ ይሄዳል እንጂ ጠባያቸው አንድ ነው። ከትልቅ ቋጥኝ ኋላ ውሃው የሚያርፍበት ጥግ አለ፤ እዚያ ተጠግተው ትንፋሽ ይወስዳሉ፣ ቀጣዩን ያያሉ። ገጹ ካበጠ ከሥሩ ድንጋይ አለ። ምላስ መስሎ ለስልሶ የሚወርደው ዋናው መንገድ ነው። ቡሽራ ከመጽሐፍ የተማረችውን ዓሊያ በጣቷ ትጠቁማታለች።

ከአንድ ሰዓት በኋላ የመጀመሪያው ዛፍ መጣ። ጎርፉ ከሥሩ የነቀለው የተምር ዛፍ ከቋጥኝ ቋጥኝ ተጋድሞ ውሃውን ዘግቶታል። ከላዩ ሸምበቆ፣ ላስቲክ፣ የአንድ ሰው የውሃ በርሜል ሳይቀር ተሰክቶበታል። በዚህ ላይ ክርክር አልነበረም። ወጥተው ጀልባውን በድንጋዩ ላይ ተሸክመው መዞር ነበረባቸው። ቡሽራ ጫፉን ይዛ ስትጎትት፣ ስታርፍ፣ ስትጎትት ዓሊያ ጥቂት አየቻትና ሄልሜቷን አውልቃ፣ ወገቧ ላይ አሥራው የነበረውን ሻርፕ ጠቅልላ ራሷ ላይ አደረገች። ጀልባውን አንሺልኝ አለቻት። ከዚያ ያንን ሦስት ሜትር ተኩል ጀልባ አናቷ ላይ ሚዛን አስይዛ፣ አንድ እጇን ብቻ ደግፋ፣ በቋጥኝ ላይ ወጥታ ወረደች። ቡሽራ ሁለቱን መቅዘፊያ ይዛ ከኋላ ከኋላ ትከተላለች። እነዚያ መምህራን ለዚህ ሥራ ሦስት ሰውና አንድ ሰዓት ያስፈልጋቸው እንደነበር ነገረቻት። ዓሊያ እንስራ ከዚህ ይከብዳል ብላ መለሰችላት።

ከቀትር በኋላ ዋዲው ሁለት ገደል መካከል ገባ። ወደ ግራ የሚታጠፍ ጥምዝ ላይ አንድ ትልቅ ግራር ከዳር ወድቋል። ግንዱ ከውሃው በላይ፣ ቅርንጫፉ ግን ውሃ ውስጥ ነው። በስተቀኝ አንድ ጀልባ የሚያሳልፍ ክፍተት ያለ ይመስላል። ውሃው እዚያ ጋ አይጮህም፤ ለስልሶ፣ ጸጥ ብሎ ይሄዳል። ቡሽራ ክፍተቱን አይታ እናልፋለን አለች። ተሸክሞ ለመዞር ያለው መንገድ በገደሉ ወገብ ላይ ያለች፣ አንድ እግር የምታስቆም እርከን ብቻ ናት።

«ቁሚ» አለች ዓሊያ።

ጥግ ያዙ። ቡሽራ ደክሟታል፣ ተናዳለችም። ከዚህ የከፋ መውረዷን፣ ክፍተቱ ለጀልባው እንደሚበቃ፣ በእርከኗ መሄድ የባሰ አደጋ እንደሆነ ቁጣ ቁጣ እያላት አስረዳች። ዓሊያ አልተከራከረችም። ጎርፉ ዳር ላይ ከተወው ኮተት መካከል ባዶ የዘይት ጀሪካን አነሳች፤ ክዳኑን አጥብቃ ዘጋችና ወደ ክፍተቱ አቅጣጫ ወረወረችው። ጀሪካኑ ቀጥ ብሎ እየተንሳፈፈ ሄደ። ክፍተቱ ጋ ሊደርስ ሲል አንድ ነገር እንደጎተተው ወደ ግራ ዞረ፣ ከቅርንጫፎቹ ሥር ገባ። በዛፉ ማዶ ሲወጣ ለማየት ጠበቁ። አልወጣም።

ቡሽራ ጀልባውን ወደ ዳር ጎተተችው። ከዚያ ሰደርያዋን አጥብቃ «በእርከኑ» አለች።

በእርከኗ ላይ ግን ጀልባ በአናት አይሄድም። መቅዘፊያዎቹንና ቦርሳውን በጀርባቸው አዝለው፣ ቡሽራ ከፊት፣ ዓሊያ ከኋላ ሆነው በጎን ያዙት። ግማሽ መንገድ ላይ የቡሽራ እግር ተንሸራተተ። ድንጋዩን ለመጨበጥ ጀልባውን ለቀቀች፤ ዓሊያም አብራው ላለመውደቅ ለቀቀችው። ጀልባው ውሃው ላይ ጧ ብሎ ወረደና ጀሪካኑ የሄደበትን መንገድ ተከተለ። ግራሩ ጋ ሲደርስ ጎኑን ሰጠ። ውሃው ገፋው፣ ቅርንጫፉ ያዘው፣ መካከሉ ላይ እንደ ቂጣ ታጥፎ ተለጠፈ። ሁለት ሰው የሚቀመጥበት ቦታ ውሃ ውስጥ ነበር።

ቡሽራ እርከኗ ላይ ተቀመጠች። «ተሳፍረን ቢሆን ኖሮ…» ብላ ጀመረች።

«አልተሳፈርንም» አለች ዓሊያ። «ገመዶቹን ከቦርሳሽ ስጪኝ።»

አንዱን ገመድ ወርውረው ከውሃው በላይ በቀረው የጀልባው ጫፍ ላይ አጠላልፈው ጎትተው ሞከሩ፤ አልተነቃነቀም። ውሃው ከነሱ ይበልጣል። ዓሊያ አሰበች። ስልቻ ዛፍ ላይ ሲሰነቀር አባቷ ምን ያደርጉ እንደነበር ትዝ አላት፤ ያስተነፍሱታል። የገመዱን አንድ ጫፍ ሰደርያዋ ላይ አሥራ ሌላውን ጫፍ ለቡሽራ ሰጠቻት፣ ሌላ ገመድ በትከሻዋ አነገተች፣ ከውሃው በላይ ባለው ግንድ ላይ በሆዷ ተኝታ ተሳበች። የግራሩ እሾህ እጅጌዋን ቀደደው። ከጀልባው በላይ ስትደርስ እጇን አውርዳ የአንዱን ጎን መንፊያ ከፈተች። ጀልባው እፎይ ያለ ይመስል ለረጅም ጊዜ ተነፈሰ፣ ግማሹ ሟሸሸ። ገመዱን ከቀለበቱ ላይ አሥራ እየተሳበች ተመለሰች። ከዚያ እርከኗን ጨርሰው ከዛፉ በታች ካለው ዳር ቆመው፣ እግራቸውን ቋጥኝ ላይ አስደግፈው ሁለቱ አንድ ላይ ሳቡ። በሦስተኛው ስበት ጀልባው እንደ አሣ ተንሸራቶ ወጣ። ሁለቱም ጠጠሩ ላይ በጀርባቸው ወደቁ።

መጀመሪያ የሳቀችው ማን እንደሆነች በኋላም አልተስማሙም። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከቡሽራ ቦርሳ ውስጥ ያለው የቱና ዳቦ ረጥቧል፤ እንደረጠበ በሉት። ቡሽራ የጀልባውን ጎን መልሳ እየነፋች፣ ቀና ሳትል፣ መቆጣቷን ይቅር እንድትላት ጠየቀቻት። ዓሊያ እኔም ስቆጣ ምንጣፍ እደበድባለሁ አለቻት። ጀልባው ሲነፋ ቡሽራ ሄዳ የፊተኛው መቀመጫ ላይ ተቀመጠች።

«አንቺ ከኋላ» አለች። «አንቺ ምሪው።»

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ዓሊያ ዕድሜዋን ሙሉ ስትተርከው የምትኖረው ነው። ገደሉ ተከፈተ፣ ፀሐይ ገባ። ውሃው ከቋጥኝ ቋጥኝ እየተቀባበለ በረጅም ማዕበል ይወርዳል። ዓሊያ ከኋላ ሆና ጀልባውን ከምላሱ ላይ ታስቀምጠዋለች፣ ጥግ ላይ ታሳርፈዋለች፣ እንደገና ትለቀዋለች። ሁለት ቦታ ደግሞ ዛፍ አጋጥሟቸው ተሸክመው ዞሩ። ሁለቱንም ጊዜ ቡሽራ ሳትጠየቅ ነው የወረደችው። ዓሊያ የቤት ሠራተኝነቷንም፣ በረራውንም፣ ሁለት ዓመት የናፈቀችውንም አላሰበችም። የምታስበው ቀጣዩን ድንጋይ ብቻ ነበር፤ እንዲህ ያለ እረፍት ካገኘች ምን ያህል ዘመን እንደሆናት እንጃ።

የመጨረሻው ቁልቁለት የሚያልቀው መንደሩ ጋ ነበር። የመንደሩ ሰዎች ጎርፍ ያፈረሰውን የመስኖ ቦይ ሊጠግኑ ወጥተዋል፣ ማስካቸው አገጫቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ከማዕበሉ መካከል ቀይ ጀልባ ብቅ ስትል አካፋ ሁሉ ቆመ። ዓሊያ አንድ ጊዜ ቀኝ፣ ሁለት ጊዜ ግራ ቀዝፋ ወሊድ እግሩ ሥር፣ አሸዋው ላይ አቆመችው። አንዲት አሮጊት ተምር በትሪ አምጥተው ድንጋይ ላይ አኖሩላቸውና በዚያን ጊዜ ሥርዓት ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። ከዚያም ይቺ ከኋላ የተቀመጠችው ማን እንደሆነች ቡሽራን ጠየቁ።

«ነኹዳዬ ናት» አለች ቡሽራ። ነኹዳ ማለት በእነሱ የመርከብ ካፒቴን ነው። አሮጊቷ ዓሊያን ከእግር እስከ ራስ አዩዋትና በአክብሮት ራሳቸውን ነቀነቁ።

ዓሊያ ያን ዕለት ከመግሪብ ሰላት በኋላ ከሚሴ ደወለች። አባቷ አርጅተዋል፣ ጆሯቸውም ደክሟል። ስለ ጀልባው ሲሰሙ ብዙም አልተገረሙ። የጠየቁት የዛፉን ነገር ነው። ሥሩ በየት በኩል ነበር፣ ውሃው ከሥሩ ይሄድ ነበር ወይ፣ ልብሷ አልተያዘም ወይ። ሁሉንም በዝርዝር መለሰች። ደግ ነው አሉና ለምን ያህል ጊዜ ውሃውን እንዳየችው ጠየቋት። ግማሽ ሰዓት ስትላቸው ትንሽ ነው ብለው ተቆጧት።

በዚያ ዓመት ዋዲው ሦስት ጊዜ ሞላ፣ ሦስት ጊዜም ወረዱት። በሦስተኛው ሙሐሙድ ራሳቸው መጡ። ከመጨረሻው ቁልቁለት አጠገብ ወሊድ ወንበር ዘርግቶላቸው ነበር፤ እምቢ ብለው ነጭ ዲሽዳሻቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው፣ ጫማቸውን አውልቀው ውሃው ውስጥ ቆሙ። ጀልባው ብቅ ሲል እጃቸውን እያወዛወዙ የሆነ ምክር መጮህ ጀመሩ። ከውሃው ጩኸት የተነሣ ከጀልባዋ ላይ አንድ ቃል አልተሰማም። ዓሊያ ግን ራሷን ነቀነቀችላቸውና በራሷ መንገድ ወረደች። ሲያልፉ የረጨችው ውሃ ሽማግሌውን ከጢማቸው እስከ እግራቸው አራሳቸው። እሳቸው እንደ ሕፃን ልጅ እጃቸውን እያጨበጨቡ፣ ጀልባው ከታች አሸዋው ላይ እስኪቆም ድረስ ከውሃው አልወጡም።